ያልወረዱት አሞሮች

ባለፈው ሳምንት ከወረታ ገበያ ስመለስ የተሳፈርኩባት ባጃጅ ከሩዝ ማሳው አጠገብ ስትደርስ ዝግ አለች። ከመንገዱ ወዲያ ባለው ሾላ ላይ አሞሮች ተደርድረዋል። ነጂው ጎረምሳ ነው፤ አንገቱን አውጥቶ አየና፣ «እማማ፣ እዚያ ጋ የሞተ ነገር አለ» አለኝ። «ገና ነው» አልኩት። ምኑ ገና እንደሆነ ሳይጠይቀኝ ነዳ። እኔ ግን ቤቴ እስክደርስ ልቤ ከሌላ ሾላ ሥር ነበር።

በልጅነቴ ፎገራ ሩዝ አያውቅም። ክረምት ርብ ሲሞላ ሜዳው ባሕር ይሆናል፤ መስከረም ሲጠባ ውሃው ቀስ እያለ እየሸሸ ጥቁሩን ጭቃ ይተውልናል፤ ጓያውም ሽንብራውም በዚያ ጭቃ ላይ ይዘራል። ቤታችን ከጉብታ ላይ ነበረች። ከደጃችን በቆሎ፣ ከበቆሎው ወዲያ ሣር፣ ከሣሩ ወዲያ ታንኳ የሚሠሩበት ደንገል። ከደንገሉ ወዲያ ጣና አለ ይሉኛል፤ እኔ ያኔ አላየሁትም። የማየው ወፍ ነው።

ሥራዬ የበቆሎ ጥበቃ ነበር። አባቴ በአራት ግንድ ላይ ማማ ሠርቶልኛል፤ ጠዋት ቆሎዬን በጨርቅ ቋጥሬ፣ ወንጭፌን ይዤ እወጣና እዚያው እውላለሁ። ጦጣው ሁልጊዜ አይመጣም፤ ዓይን ደግሞ ሥራ መፍታት አይወድም። ነጫጮቹ ወፎች ከከብቱ እግር ሥር ፌንጣ ሲለቅሙ አያለሁ። ይብራ ጫጩቶቿን አስከትላ ስትዋኝ፣ ሽመላም ማሕሌት ቆሞ እንዳደረ ደብተራ በአንድ እግሩ ሲያንቀላፋ አያለሁ። ከሁሉ ይልቅ ግን አሞራ አያለሁ። ሰው አሞራ አይወድም፤ እኔ ትዕግሥቱን ወድጄለት ነበር። የጎረቤታችን አህያ የሞተች ጊዜ ከሰማይ እየተወረወሩ ወርደው ተሻምተው በሏት። በግ ስትወልድ ግን ዛፍ ላይ ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ፤ እናቲቱ ግልገሏን አስነስታ፣ እንግዴ ልጁን ትታ እስክትሄድላቸው ድረስ አንዱም አይወርድ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ማን ጠይቆኝ።

በዚያ ዓመት እናቴ ታናሽ ወንድሜን ወልዳ ጡቷ ደረቀ። ሕፃኑ የሚኖረው ከጎረቤት በሚለመን ወተት ነው፤ እሱም አንድ ቀን ይገኛል፣ አንድ ቀን ይታጣል። የልቅሶው ድምፅ እንኳ ቀጥኖ ነበር። ተስፋችን ሁሉ ቡሪት ላይ ነው፣ ጥቁርና ነጭ ላማችን ላይ። እናቴ በየማለዳው ግቷን እየዳበሰች «ደረሰች፣ ደረሰች» ትላለች።

መውለጃዋ የደረሰ ላም ደግሞ ሰው ዓይን ውስጥ መውለድ አትወድም። ቡሪት አንድ ምሽት ከመንጋው ተለይታ ቀረች። በማግስቱ አባቴና አጎቴ ይርዳው ዱካዋን ይዘው ሄዱ፤ ዱካው ውሃ ውስጥ ገብቶ ጠፋባቸው። ዞረው ዞረው ቀኑ ሲጋመስ ተመለሱ። ያን ጊዜ ነው ከውሃው ማዶ፣ ከደንገሉ ዳር ባለች ሾላ ላይ አሞሮች ሲያርፉ ያየነው።

አባቴ ከማማዬ ሥር ራሱን ይዞ ተቀመጠ። አጎቴ፣ «በቃ እርምህን አውጣ ወንድሜ፤ አሞራው ነገረን» አለው። ለሞተች ላም ብሎ ያንን ውሃ የሚሻገር የለም፤ ጎርፉ ገና አልሸሸም፣ ሥሩም አረንቋ ነው። ውሃው ሲጎድል ሄደን ቆዳዋን እናመጣለን ተባባሉ። እናቴ ሕፃኑን አቅፋ ከበሩ ላይ ቆማለች። አላለቀሰችም፤ ወደ ሾላዋ ብቻ ታያለች።

«አባዬ፣ አልሞተችም» አልኩ ከላይ ሆኜ።

አጎቴ ቀና አለ። «ይቺ ደግሞ ከአሞራ ጋር ማኅበር የምትጠጣ ይመስል!»

«አንዱም አልወረደማ። ሞታ ቢሆን ሾላዋ ላይ የሚቀር አለ? እየወለደች ነው፤ እነሱም እየጠበቁ ነው።»

«ጠግበው የተቀመጡ ቢሆኑስ?»

«የጠገበ አሞራ ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ ይሞቃል። እነዚህ አንገታቸውን ቁልቁል አድርገው ነው የሚያዩት። ወጥተው ይዩዋ።»

ማማው ሁለት ሰው አይችልም፤ እኔ ወረድኩ፣ አባቴ ወጣ። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው፤ ከመሸ ደግሞ ጅብ አለ። ሲወርድ እኔን አላየኝም። «ይርዳው፣ ገመዱን ያዝ» አለ። «እኔ መሬት መሬት ሳይ፣ ልጅቱ እነሱን ስታይ ነው የከረመችው።»

ውሃው ደረታቸው ድረስ ዋጣቸው። ደንገሉ ጋ ሲደርሱ አሞሮቹ ብድግ ብለው በረሩ፤ እናቴ ክንዴን ጨመደደችኝ። ዞሩና ተመልሰው እዚያችው ሾላ ላይ ተቀመጡ። ደንገሉ ሲላወስ እናያለን፤ ሰው ግን አይታይም። ፀሐይዋ ልትገባ ስትል አጎቴ ጥጃ በትከሻው ላይ አጋድሞ፣ እግሮቿን ደረቱ ላይ ይዞ ብቅ አለ። ከኋላው አባቴ ቡሪትን በገመድ ይጎትታል። ኋላ እንደነገሩን፣ ወልዳ ስታበቃ ጭቃው እስከ ሆዷ ይዟት ነበር፤ ጥጃዋን ትልሳለች እንጂ መነሳት አልቻለችም። ያን ምሽት እዚያ ብታድር ሁለቱንም ጅብ ይጨርሳቸው ነበር።

እንገሩ ሲፈላ ልማዱ ለቤቱ ልጆችና ለጎረቤት ማደል ነው። የመጀመሪያውን ጭልፋ አጎቴ ተቀብሎ ራሱ ለእኔ ሰጠኝ፤ «ለወዳጆችሽም አድርሺላቸው» እያለ። ጥጃዋንም አሞሪት ብሎ ስም ያወጣላት እሱ ነው። ወተቱ ሲጠራ ወንድሜ ጠጣ፤ ልቅሶው ወፈረ፤ እናቴም በዚያ ልቅሶ ሳቀች። ጎጆ ስወጣ አሞሪትን ይዤ ወጣሁ። ያ ሕፃን ዛሬ ሽበቱን እያከከ ለጥምቀት ሊጠይቀኝ ይመጣል።

አምና ብርድ መትቶኝ ስተኛ ልጆቼ ከሐሙሲትም ከባሕር ዳርም ተጠራርተው መጡ። አልጋዬን ከበው በዓይን ይጠቃቀሳሉ፤ ታናሺቱማ ነጠላዋን ልታዘቀዝቅ ምንም አልቀራት።

«እስቲ ወጥተሽ የደጃችንን ሾላ እዪልኝ» አልኳት።

«ምን አለበት፣ እማዬ?»

«አሞሮቹ ወርደው እንደሆነ።»

የአሞሪትን ነገር ሁሉም ያውቁታል። ታናሺቱ እንባዋን ጠርጋ ወጣች፣ ቆየት ብላ ተመለሰች። ሾላው ላይ ያለችው አንዲት ዋኔ ብቻ ናት አለችኝ። ከዚያ ጓዳ ገብታ ገንፎ አገነፋችልኝ፤ ጨርሼ በላሁ።