ሦስት ጠብታ ዘይት

ልጅ ሳለሁ ተረት እሰማ ነበር ብዬ ብጽፍ ዋሸሁ ማለት ነው። እኔ ተረት በዓይኔ አይ ነበር እንጂ አልሰማም። ከገነተ ማርያም ቁልቁል ባለችው መንደራችን ከእራት በኋላ ምድጃውን ከብበን ስንቀመጥ፣ ጢሱ ዓይናችንን እያቃጠለ፣ ኩራዙም ጥላችንን ከግድግዳው ላይ እያወዛወዘ፣ የእትዬ ጥሩወርቅን ከንፈር ትክ ብዬ እመለከታለሁ፤ ሰው ሲስቅ እስቃለሁ፣ ሰው ሲደነግጥ እደነግጣለሁ። ሁልጊዜም ከሌላው ትንሽ ዘግይቼ ነበር። ያኔ አሥር ዓመቴ ነው።

እትዬ ጥሩወርቅ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ እኛ ቤት ገቡ፣ ከገቡ በኋላ ደግሞ ቤቱ የእሳቸው ሆነ። አባቴ ራሱ ምላሳቸውን ይፈራ ነበር። አንገታቸው ላይ፣ በማተባቸው ከመስቀሉ ጎን፣ ከእናታቸው የወረሷት የብር ኩክ ማውጫ ተንጠልጥላለች፤ ቀጭን ናት፣ ጫፏ እንደ ትንሽ ማንኪያ ጎድጎድ ያለ። በዓል በቀረበ ቁጥር የቤቱን ልጆች ተራ በተራ ይጠሩና ጭንቅላታችንን በጉልበታቸው መሀል ጨምቀው በዚያች ብር ጆሯችንን ይጠርጋሉ። የወጣላቸውን ጥፍራቸው ላይ አድርገው ለጎረቤት ሳይቀር ያሳያሉ። «እዩት የዚችን! በዚህ ጆሮ ቅዳሴ ሊገባት?» ይላሉ።

እኔ ኩክ የሚበዛብኝ ልጅ ነበርኩ። እሳቸው ጥቂቱን ሲያወጡ ብዙውን ወደ ውስጥ እየጠቀጠቁት እንደነበር ያኔ ማንም አላወቀም፤ ጆሮዬ በደነቆረ ቁጥር ብሯ ይበልጥ ጠልቃ ትገባ ነበር።

በአንድ የመስቀል በዓል ዋዜማ ግራ ጆሮዬን ይዘው ሳለ ታናሽ ወንድሜ ሙሉቀን እየሮጠ ሲያልፍ እግሬን ረገጠው። ተነቃነቅሁ። የጋለ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ የገባ መሰለኝ፤ ብሯ ስትወጣ ደም ነበረባት። እትዬ በቀሚሳቸው ጠርገው ወደ አንገታቸው መለሷትና፣ ከንፈራቸውን አይቼ እንደተረዳሁት፣ «ራስሽ ነሽ! ማን ተነቃነቂ አለሽ?» አሉ። ያ ጆሮ እስከ ገና መግል ሲያወጣ ከረመ፣ ከዚያ ዝም አለ። የቀረኝ ቀኙ ነበር፤ እሱም ቀስ በቀስ ተደፈነ።

ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ሌላ ሰው አደረገኝ። እናቴ ከጓሮ ትጣራለች፣ አልመጣም፣ እመታለሁ። መምህሩ ይጠይቁኛል፣ ዓይን ዓይናቸውን አያለሁ፣ አሁንም እመታለሁ። በሁለተኛው ዓመት ዐቢይ ጾም ሲገባ መምህሩ ለአባቴ ወረቀት ላኩ፤ ልጅቷ አታዳምጥም፣ አትማርም የሚል። የእትዬ ልጅ ሙጃ ከተማ ጠላ ቤት አላት፤ ውሃ የምትቀዳላት ልጅ ትፈልግ ነበር። እንግዲህ በዚያ ሰሞን ቤታችን ውስጥ የሚመከረው እኔን ከትምህርት ቤት አውጥቶ ለሙጃ የመስጠት ነገር ነው። የሚመከረውም እኔው ፊት ነበር፤ ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ እንኳ አላስፈለጋቸውም።

እኔ ግን ደስተኛ ነበርኩ፣ ይሄ ነው እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ። ማታ ማታ የእትዬ ተረት ከመቼውም በላይ የሚያስቅ ሆኖ ነበር፤ ጎረቤት ሁሉ ይመጣል፣ ሰው እንባው እስኪወጣ ይስቃል። ሙሉቀንን በክርኔ ጎሰም አድርጌ «ምን አሉ?» እለዋለሁ። እሱ አፉን ቀኝ ጆሮዬ ላይ ለጥፎ «ተረት ነው፣ ሳቂ!» ብሎ ይጮህብኛል። እስቃለሁ። እኔ ስስቅ ደግሞ እነሱ ይብስባቸዋል፣ እኔም በሳቄ የቤቱን ደስታ የጨመርኩ እየመሰለኝ ጨምሬ እስቃለሁ።

አንድ ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሽንት ቤታችንን ልታይ መጣች። በሩ ላይ ተቀምጬ ኖሮ ሦስት ጊዜ «አሳልፊኝ» አለችኝ። የተባባሉትን ሁሉ በኋላ የነገረችኝ እናቴ ናት፤ እትዬ «ተያት ልጄ፣ እሷ ጆሮ አልተሠራላትም» አሏት። ሴትዮዋ ግን አልተወችኝም። ወደ ብርሃን ሳበችኝና በስልኳ ባትሪ ጆሮዬን አየች፤ መጀመሪያ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን።

«ይሄ ኩክ ነው» አለች ቀኙን ይዛ። «ተጠቅጥቆ ደርቋል። በምንድን ነው የምታጸዱላት?»

እትዬ ብራቸውን ከአንገታቸው ከፍ አድርገው አሳዩአት። «በዚች። እኔንም እናቴ በዚችው ነው ያሳደገችኝ።»

«በሉ እትዬ፣ ይቺን ለጌጥ ያድርጓት። ጆሮ ውስጥ ምንም አይገባም፤ ይቺም፣ የክብሪት እንጨትም፣ ላባም።» ከዚያ ወደ እናቴ ዞረች። «የምግብ ዘይት ለብ አድርጊ። እንዳይግል፤ እጅሽ አንጓ ላይ ጠብ አድርገሽ ሞክሪው። በጎኗ አስተኝተሽ ሦስት ጠብታ፣ ጠዋትና ማታ፣ አራት አምስት ቀን። ሲለሰልስ ለብ ባለ ውሃ በዚህ ቀስ እያልሽ እጠቢላት፤ ውሃው ከቀዘቀዘ ያዞራታል። ካመማት ወዲያው አቁሚ።» መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ሰጠቻት። «ግራውን ግን እንዳትነኪው። እሱ የተቀደደ ይመስለኛል፤ ዘይትም ውሃም አይግባበት፣ ጤና ጣቢያ ውሰጃት።»

ጤና ጣቢያ የሚወስደኝ አልተገኘም። አባቴ እርሻ አለበት፣ መንገዱም ሩቅ ነው ተባለ። ዘይቱን ግን እናቴ አደረገችው። ጠዋትና ማታ ዘይቱን በሲኒ አድርጋ ሲኒውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ታቆመዋለች፣ አንጓዋ ላይ ትሞክረዋለች፣ ጭኗ ላይ አስተኝታኝ ትቆጥራለች፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ዘይቱ ቀስ እያለ ሲወርድ በመዳፏ ግንባሬን ትይዘኛለች። በሕይወቴ እናቴን እንደዚያ ሰሞን ወድጃት አላውቅም።

በአምስተኛው ቀን አመሻሽ ላይ በሲሪንጁ አጠበችኝ። የደፈረሰ ውሃ ብቻ ወጣ። «እምቢ አለ» አለችና ጭኗ ላይ ጨርቅ ዘርግታ የቀረው ውሃ እንዲንጠፈጠፍ ቀኝ ጆሮዬን ወደ ታች አድርጋ አስተኛችኝ። እራት ተበልቶ ጎረቤትም ገብቶ ነበር። ከተኛሁበት የእትዬ ከንፈር አይታየኝም፤ የሚታየኝ ፍሙ ብቻ ነው፣ አመዱ ሥር እየቀላ ሲጠፋ። የእናቴ ሆድ ይነቃነቅ ነበር። የምታለቅስ መስሎኝ አዘንኩላት።

ያኔ ከጆሮዬ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ተዘፈዘፈ ባቄላ ሙልጭ ብሎ ወጣ። ቀና አልኩ። መጀመሪያ የሰማሁት ፍሙን ነው፤ ፍም ድምፅ እንዳለው ረስቼው ነበር። ከዚያ ጣሪያው ላይ የበልጉን ዝናብ። ከዚያ እትዬን፤

«... ያቺ ጆሮዳባ ልጅ እንደሁ እናቷ 'ውሃ ቅጂ' ስትላት 'እሺ' ብላ ቁጭ! መምህሩ ሲጠይቃት ቁጭ! ሰው ሲስቅ ግን ማን ይቅደማት? በምን ሳቅሽ ቢሏት ምን ታውቅና! በራሷ ነው'ኮ የምትስቀው፣ የኔ ጅል!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሰዉ ሁሉ የሚያየው እኔን ነበር።

«ታዲያ መምህሩም ሰለቻት፣ አባትዋም ሰለቻት። ፋሲካ ሲያልፍ ከገብሱ ጋር አህያ ላይ ጭኖ ሙጃ ሰደዳት። እንስራ መቼም ጆሮ አይጠይቅ!»

ዞር ብዬ እናቴን አየኋት። የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ይዛ ትስቅ ነበር። ሳቋ ቀጭን ነው፣ ታፍኖ የሚወጣ፣ ምንም ክፋት የሌለበት። ያን ሁሉ ጊዜ የሳቅነው በእኔ ነበር፤ እኔም አብሬ። ጨርቁ ላይ የወጣውን አየሁት፤ ጥቁር ነው፣ የባቄላ ያህል። መልሼ ልከተው ተመኘሁ። እውነቴን ነው፣ እጄን ሰድጄ ነበር።

«ሙጃ አልሄድም» አልኩ።

ሙሉቀን ያፈሰውን ቆሎ ጣለው።

«እሰይ!» አሉ እትዬ። «ለካስ ስትፈልግ ትሰማለች! ሁለት ዓመት ሙሉ ስታሾፍብን ነው'ንዴ?»

አባቴ ልምጩን ከማገሩ ሥር መዘዘ። ጎረቤት ፊት እንዲያ ሲባል ምን ያድርግ? ልምጩ ሲመጣ ያለውን ፉጨት ከማረፉ በፊት ሰማሁት፤ ከዚያ በፊት ዱላ መምጣቱን የማውቀው ሲያርፍብኝ ነበር። እናቴ ጨርቁን ዘርግታ «ይኸው ኩኩ! ይኸው ወጣ!» እያለች ስትጮህም ሰማሁ። እስኪያየው ድረስ ብዙ መታኝ። ካየው በኋላ ልምጩን ጥሎ ወጣና ዝናቡ ላይ ቆመ። ሙጃ አልተላክሁም፣ ትምህርቴንም ቀጠልኩ። ይቅርታ ያለኝ ግን የለም። እናቴም እስክታርፍ ድረስ ስለዚያ ሳቅ ተነጋግረን አናውቅም፤ ግራ ጆሮዬም እንደደነቆረ ቀረ።

አሁን ላሊበላ ከተማ ውስጥ ለእንግዳ መስቀልና ጌጣጌጥ የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። የብር ኩክ ማውጫም እሸጣለሁ፤ የሚገዛኝን ሁሉ «ለጌጥ ነው፣ ጆሮ ውስጥ አይግባ» እለዋለሁ። እናቴ ካረፈች በኋላ እትዬ ጥሩወርቅን የሚይዝ ሰው ጠፋ፤ እኔ አመጣኋቸው። አንቱ እላቸዋለሁ፣ እግራቸውን አጥባለሁ፣ ለስላሳ ለስላሳውን አጎርሳቸዋለሁ። ሰው ያመሰግነኛል።

ማታ መብራት ሲጠፋ ሻማ እናበራና ከከሰሉ ዳር እንቀመጣለን። የሚተርተው ትልቁ ልጄ ነው። አንዲት የማትሰማ አሮጊት ፈጥሯል፤ «ቁጭ በይ» ሲሏት የምትቆም፣ «ብይ» ሲሏት የምታማትብ። እኔ አላስተማርኩትም፤ አልከለከልኩትምም። ታናሽ እህቱ በሳቅ ትንከባለላለች። እትዬም ይስቃሉ፣ ከሁላችንም ትንሽ ዘግይተው። ያቺን መዘግየት ከእኔ በላይ የሚያውቃት የለም።

ሰኔ ላይ አንድ ቀን ተኝተው ሳለ በስልኬ ባትሪ ጆሯቸውን አየሁት። ሁለቱም ጥቁር ድፍን ነው። ያችን ብር ዛሬም ይዘው ሲጠቀጥቁ ይውላሉ። ዘይቱ ከጨው ዕቃው ጎን ተቀምጧል። መጋል እንደሌለበት አውቃለሁ፣ አንጓ ላይ እንደሚሞከር አውቃለሁ፣ ሦስት ጠብታ፣ አራት አምስት ቀን። ሐምሌ አለፈ፣ ነሐሴ አለፈ፤ በየማታው ነገ እላለሁ፣ በየማታው ደግሞ የእናቴ ሳቅ ይመጣብኛል። ከእትዬ ተረቶች አንድ እንኳ ከነታሪኩ አላስታውስም፤ እኔ ዘንድ የቀረው ያ ሳቅ ነው።

ትናንት ማታ ልጆቹ ሲስቁ እትዬ አብረው ሳቁና እጄን ያዙኝ። እጃቸው ቀሎ ነበር።

«ምን አሉ ልጄ?» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ አፌን ጆሯቸው ላይ አደረግሁ።

«ተረት ነው እትዬ» አልኳቸው፣ «ይሳቁ።»

ሳቁ።