የታመመበትን ቦታ ፍለጋ

ቁጭ በሉና ይሄን ስሙኝ። ወያላ ነኝ፣ ምላሴ ፈጣን ነው፣ ትምህርቱን ዘጠነኛ ላይ ነው የተውኩት። የምነግራችሁ ላይ ግን አንድም ነገር አልጨመርኩም።

የያዙን ጎተራ ልንደርስ ስንል ነው። ከሳሪስ ለገሃር የሚሠራ ውይይት ታክሲ ላይ ነበርኩ። ውይይትን ታውቁታላችሁ፤ ከኋላ ሁለት አግዳሚ፣ ሰው ፊት ለፊት ተፋጦ ይቀመጣል፣ ወያላው በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይሄዳል። ፍተሻ አስቆመን። ፈታሹ ጎንበስ አለና ከቀኙ አግዳሚ ስር በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። መንግሥትን የሚሰድብ ወረቀት ነው። "የማነው?" አለ። ሁላችንንም አወረዱን። ሾፌሩንና ሌሎቹን በማግስቱ ለቀቋቸው። የቀረነው ሁለት ነን፤ እኔና አንድ አስተማሪ። እሳቸው ስብሰባ ላይ ተነስተው ተናግረዋል ተብሎ ድሮም ተይዞባቸዋል።

ያስገቡን ወደ ኋላ መልሰው ነፋስ ስልክ፣ መጋዘን የነበረ ቤት ነው። ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ የሰው ጀርባ አጥቁሮታል። መስኮት የለም። ከጣሪያው ስር አንድ ጡብ የወለቀበት ቀዳዳ አለ፤ በሱ በኩል ጓደኞቼ "ሳሪስ፣ ሳሪስ፣ አንድ ሰው" ሲሉ ይሰማኛል። አስራ ዘጠኝ ነበርን። አንዱ በጎኑ ከዞረ ሁሉም መዞር አለበት።

አስተማሪውን ጠልቻቸው ነበር። ወረቀቱ የሳቸው ነው ብዬ ደምድሜያለሁ። ወረቀታቸውን ይዘው ተሳፍረው እኔን አስበሉኝ፣ በቃ።

እሳቸው ግን ከዳቦ ልብ ቼዝ ይጠፈጥፋሉ። ጥቁሮቹን በሻይ ቅጠል ነከሯቸው። ሰሌዳው የካርቶን ቁራጭ ነው። አንዷን ወታደር አንድ የራበው ሰው ስለበላት በሸሚዝ ቁልፍ ተካናት።

"ትጫወታለህ?" አሉኝ።

"ያስተምሩኝና እዘርርዎታለሁ።"

አስተማሩኝ። ዘረሩኝ። በቤቱ ሕግ ተሸናፊ ይነሳል፣ ወረፋ የያዘው ይቀመጣል። ተሸናፊ ሲነሳ ይሰደባል፣ ይሳቅበታል፣ ጨዋታውም እዛው ይረሳል። ተነሳሁ። ልብሴን ያዙኝ።

"ቁጭ በል። እንመልሰው።"

"ምኑን?"

"ጨዋታውን። ከመጀመሪያው።"

"ጋሼ፣ ንጉሡ ሞቷል እኮ። ሬሳ ሊገንዙ ነው?"

ቤቱ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። "የሞተበትንማ አየሁት። የታመመበትን ነው የምፈልገው።"

የቤቱ ካቦ፣ ተራ የሚያስጠብቀው እስረኛ፣ "ጋሼ፣ ወረፋ አለ" አላቸው። ጋሼ "አሸናፊ ተቀምጦ ይቀጥላል አይደል? የኔን ተራ ለዚህ አውሉልኝ" አሉ። ቼዝ እየወደዱ ተራቸውን ለኔ ሽንፈት ሰጡ። ቤቱ እንደ እብድ ነው ያያቸው።

ወረቀትና እስክሪብቶ ክልክል ስለሆነ የሚመለሰው በጭንቅላት ነው። እዚህ ላይ ወያላነቴ ጠቀመኝ። ማን ከየት ተሳፈረ፣ የቱ ጋ ተቀመጠ፣ የት ይወርዳል፤ ይሄን ካልያዝኩ ሥራ የለኝም። ፈረሱ ከየት ተነሳ የት ወረደ ማለት ያው ነው። አንድ በአንድ መለስኩላቸው። በየመሀሉ ያስቆሙኛል።

"እዚህ ጋ ምን አስበህ ነበር?"

"ምንም።"

"ምንም ብለህ አታልፈኝም።"

"ጋሼ፣ እርስዎም መርማሪ ሆኑብኝ?"

ፈረሱን ወደ ቦታው መለሱት። "መርማሪ መልሱን ይዞ ነው የሚጠይቅህ። እኔ መልሱን አላውቀውም" አሉኝ።

አንድ ወር እንዲህ ሆነ። መጀመሪያ ስህተቱን ራሴ እንድፈልግ ይተዉኛል፤ ሌላው እስረኛ ሊጠቁመኝ አፉን ሲከፍት በእጃቸው ይከለክሉታል። በአንድ ጨዋታ አንድ ስህተት፣ ከዛ በላይ አይሉም። ያሸነፍኩ ቀንም ያስመልሱኛል። "ዛሬ የኔ ስህተት ያንተን ሸፈነልህ እንጂ አንተም ተሳስተሃል" ይሉኛል። ያናድዳል። ግን ስህተቴ ሁሌ አንድ ዓይነት መሆኑን ያየሁት በዚሁ ነው። ንግሥቷ መጥታ ቼክ ስትለኝ እሷ ላይ አፈጣለሁ። ከዛ በፊት ዳር ዳሩን ዝም ብሎ የሄደውን አላይም። የሚገድለኝ እሱ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ተጠራሁ።

መርማሪው ሻይ አስመጣልኝ። ጥሩ ሻይ ነው፣ ቅርንፉድ አለው። አንድ ወረቀት ገፋ አደረገልኝ። አስተማሪው ጥቅሉን ከአግዳሚው ስር ሲያስቀምጥ አይቻለሁ ይላል።

"ፈርምና ምሳህን ቤትህ ብላ። እናትህ በር ላይ ናት" አለኝ።

እስክሪብቶውን አንስቻለሁ። አልዋሻችሁም። እናቴ በየቀኑ ከጎፋ በእግሯ ምግብ ታመላልሳለች። ከፈረምኩ እወጣለሁ፣ ጋሼ ይበሰብሳሉ። እና ደግሞ ወረቀቱ የሳቸው ነው ብዬ አምን የለ? አይቻለሁ ይላል ወረቀቱ። አይቻለሁ? የዛን ቀኑን ጉዞ እንደ ጨዋታ ከመጀመሪያው መለስኩት።

ከሳሪስ ስንነሳ ግራው አግዳሚ ላይ ሁለት ሴት ተማሪዎች፣ አንዲት ዶሮ ያቀፈች ሴትዮ። ቀኙ ላይ አንድ ሽማግሌ፣ ከሳቸው ቀጥሎ ካኪ ጃኬት የለበሰ ሰውዬ፣ ጭኑ ላይ ወፍራም ፌስታል። ነፋስ ስልክ ስንደርስ ካኪው ወራጅ አለ እንኳ ሳይል ጣሪያውን ሁለቴ መታ። ወረደ። ፌስታሉ ተጣጥፎ ከኪሱ ብቅ ብሎ ነበር። ጋሼ እዛው ተሳፈሩ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ሁለት እጃቸውን ይዤ ነው ጎትቼ ያስገባኋቸው። ሁለቱም ባዶ ነው። ካኪው የለቀቀው ቦታ ላይ ተቀመጡ። ብዙም ሳንሄድ ፍተሻው። ፈታሹ ግራውን አግዳሚ አላየም፤ ቀጥ ብሎ ቀኙ ስር ነው የገባው።

ይሄን ሁሉ ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። መርማሪው አንድም አልጻፈም።

"ይሄን ማን ጠየቀህ?"

"እርስዎ። ምን አየህ ብለውኝ።"

"ፈርም።"

"የነገርኩዎትን ይጻፉትና እፈርማለሁ።"

ሻዩን ከፊቴ አነሳው። ከዛ በኋላ ያለውን አልተርክም። ግራ ጆሮዬ እስካሁን በደንብ አይሰማም።

ስመለስ ጋሼ ምን አሉህ ብለው አልጠየቁኝም። ፎጣቸውን አርጥበው ሰጡኝ። ጆሮዬ ላይ ይዤ፣ "ወረቀቱ የርስዎ መስሎኝ ነበር" አልኳቸው።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ አይደለም አይሉኝም?"

"አይደለም ብልህ ታምነኝ ነበር?"

አላምናቸውም ነበር። ካቦው "ዛሬ የማን ወረፋ ነው?" አለ። የኔ ነበር። ተቀመጥኩ፤ ተሸነፍኩ፤ ማንም ሳይዘኝ ተቀምጬ መለስኩት። ቤቱ በዛ ቀን አልሳቀም። የሚቀጥለው ባለወረፋ ቆሞ ጠበቀኝ።

ጋሼን ከሦስት ሳምንት በኋላ "ዕቃህን ይዘህ ውጣ" አሏቸው። ወዴት እንደወሰዷቸው አልተነገረንም። እኔን ከአምስት ወር በኋላ ያለ ምንም ወረቀት ለቀቁኝ። አሁን እዛው መስመር ላይ ነኝ። ማታ ስገባ ቀኑን ከመጀመሪያው እመልሰዋለሁ፤ ማንን ሰደብኩ፣ ማንን ሳላይ አለፍኩ። የጋሼን ቤት አፈላልጌ ባለቤታቸውን አገኘኋቸው። እሳቸውም ጋሼ የት እንዳሉ አያውቁም። ከቢሮ ቢሮ ይሄዳሉ፣ ነገ ይመለሱ ይባላሉ።

እና እናንተ፣ ሻይ ጋብዛችሁ ፈርም የምትሉት፣ ነገ ይመለሱ የምትሉት። ከዘጠነኛ የወጣ ወያላ ይሄን አይቷል፤ እናንተ ያንን ባለካኪ አንድ ቀን እንኳ አስቀምጣችሁ ፌስታልህ ውስጥ ምን ነበር ብላችሁ ጠይቃችሁታል?