የአክስቴ የቨርኔል መኮሮኒ

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እኔ ጽሑፍ የማውቅ ሰው አይደለሁም። ሥራዬ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ዘይት መቀየርና ጎማ መንፋት ነው፤ እስከ ዛሬ ከእጄ ወረቀት ላይ የቀረ ጥቁር ነገር ቢኖር ግራሶ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ንባብ የሚያስተምሩን ወይዘሮ ፕሩዊት "የምታውቁትን አንድ ሰው ጻፉ" ባይሉ አልደፍርም ነበር። አርባ ሰባት ዓመቴ ነው። ብሳሳት ሳቁ፣ ግን ጮክ ብላችሁ አትሳቁ።

የምጽፈው ስለ አክስቴ ስለ ቨርኔል ነው። ፈቃድ ጠይቄያቸዋለሁ። "ጻፈው" አሉኝ፤ "አንተ የጻፍከውን ማን ሊያነበው ነው!"

አክስቴ ቨርኔል ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። እዚሁ ጆርጂያ፣ በከተማችን ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠላሳ ስምንት ዓመት ሠርተዋል። የከተማው ግማሽ ሰው በእርሳቸው ጭልፋ ነው ያደገው። ከንቲባውን እንኳ መንገድ ላይ ሲያገኙት "አንተ፣ ካሮትህን ኪስህ ውስጥ ትደብቅ ነበር" ይሉታል። ቁመታቸው አጭር፣ ባርኔጣቸው ረጅም ነው። እናቴ ስትሞት እኔን የወሰዱኝ እርሳቸው ናቸው። ይህን ብዙ አላወራውም።

እኛ ቤት የምስጋና ቀን፣ ዘመድ ሁሉ ለምሳ የሚሰበሰብበት የኅዳር ሐሙስ በዓል፣ የሚጀምረው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁላችንም አክስቴ ሳሎን እንሰበሰባለን፤ እርሳቸው የዕለቱን የመዝሙር ወረቀት ገልብጠው ጀርባው ላይ ማን ምን ይዞ እንደሚመጣ ይጽፋሉ። ሹመት በሉት። ተርኪው፣ የበዓሉ ትልቅ የወፍ ጥብስ፣ የአጎቴ የሮስኮ ነው፤ ከቅዳሜ ጀምሮ ፍሪጅ ውስጥ በረዶው እየለቀቀ እንዲቆይ እንደ ሕፃን ይጠብቀዋል። ጎመኑም፣ የበቆሎ ዳቦውም፣ የስኳር ድንቹም ባለቤት አለው። መኮሮኒው ግን ሌላ ነገር ነው። በቺዝና በወተት ተጋግሮ የሚወጣው መኮሮኒ ለማንም አይሰጥም። እጁ ያልተፈተነ ሰው መኮሮኒ ይዞ ቢመጣ ሁሉም በትሕትና አንድ አንድ ማንኪያ ይወስድና በናፕኪን ይከፍነዋል። መኮሮኒው የአክስቴ ነው፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ። እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ያመጣሁት የመጠጥ በረዶና የወረቀት ሳህን ነው። ቅር ብሎኝ አያውቅም። በረዶ ላይ "ጨው በዝቶበታል" የሚል የለም።

ዘንድሮ ግን የአክስቴ ልጅ ደሬል ብድግ አለና ጉሮሮውን ጠራረገ።

"እማዬ፣ መኮሮኒውን ለታሜካ ብትሰጪያትስ? አንቺም ትንሽ ብታርፊ።"

ታሜካ ሚስቱ ናት። ከኦሃዮ አግብቶ ካመጣት አራት ዓመቷ ነው፤ እስካሁን የተሾመችው በጭማቂ ላይ ብቻ ነው።  አጎቴ ሮስኮ እንኳ ማኘኩን አቆመ።

"ሞቻለሁ እንዴ?" አሉ አክስቴ።

"ኧረ እማዬ..."

"አይ፣ ካልሞትኩ ውርሱ ምን አስቸኮላችሁ ብዬ ነው።" እርሳሱን አስቀመጡ። "ይሁን። ሁለት ትሪ ይቅረብ። ትሪዋ ቀድሞ የተጠረገላት፣ መኮሮኒው ከዚያ ወዲያ የእርሷ ነው። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ ልጄ። ቺዙን በእጅሽ ፈቅፍቂ። ያ በከረጢት ተፈቅፍቆ የሚሸጠው ሰጋቱራ ነው! ሰጋቱራ ይዞ በሬን የሚያልፍ ሰው ውጭ ከውሻው ጋር ይበላል።"

ይህን ስብከት በየዓመቱ እንሰማዋለን። አሜን ማለት ብቻ ነው የቀረን።

"እሺ እማማ" አለች ታሜካ። አንገቷን ግን አልደፋችም።

ረቡዕ፣ በዋዜማው፣ አክስቴን ሱፐርማርኬት የወሰድኳቸው እኔ ነኝ። የጎረቤቱን የፖስታ ሳጥን ከገጩ ወዲህ መኪና አይነዱም፤ "ሳጥኑ ነው የመጣብኝ" ይላሉ። በዚያ ቀን ሱቁ ውስጥ ሰው በስኳር ድንች ይጣላል። እኔ ጋሪውን እየገፋሁ "ይቅርታ፣ ይቅርታ" እላለሁ፤ እርሳቸው ከፊት ሆነው ይጮሁብኛል።

"ግፋ! የምን ይቅርታ ነው? ይቅርታውን ነገ በጸሎቱ ትለዋለህ!"

እንቁላሉን አንድ በአንድ ከፍተው አዩ፤ የቆርቆሮ ወተቱን ነቀነቁት፤ ቅቤ አነሡ። ቺዙ ያለበት ጋ ስንደርስ ድንገት ቆሙ።

"ዌንደል፣ ሂድና የወጥ ቤት ወረቀት አምጣ። ትልቁን ጥቅል።"

"እዚሁ መንገዳችን ላይ እኮ..."

"ሂድ ብያለሁ!"

ሄድኩ። ስመለስ ጥቅሉን ከእጄ ተቀብለው ጋሪው ላይ አጋደሙትና እንደ ተኛ ልጅ መታ መታ አደረጉት። ምንም አልጠረጠርኩም። እኔ ጠርጣራ ሰው አይደለሁም።

ሰልፍ ላይ ቆመን ሳለ ከኋላችን "እማማ ቨርኔል! ዌንደል!" የሚል ድምፅ ሰማን። ታሜካ ናት። ጋሪዋ አናት ላይ ሁለት ትልልቅ ጥፍጥፍ ቺዝ እንደ ዘውድ ተቀምጠዋል። እኔ ደግሞ ልርዳ ብዬ የወረቀቱን ጥቅል አነሣሁት።

ከሥሩ ስድስት ከረጢት የተፈቀፈቀ ቺዝ ነበር።

ባላቸው ሲቀበሩ አክስቴን አይቻቸዋለሁ፤ አገጫቸው ቀጥ እንዳለ ነበር። እዚያ ሰልፍ ላይ ግን አገጫቸው ተንቀጠቀጠ።

"የእኔ ነው" አልኩ።

ድምፄ ጮክ ብሎ ወጣ። ራሴን አስደነገጠኝ።

"ምኑ?" አለች ታሜካ።

"ቺዙ። መኮሮኒ ልሠራ ነው። ለነገ።"

ሰልፉ በሙሉ ዞረ። ሂሳብ የምትቀበለው ሴት እጇን ከማሽኑ ላይ አነሣች።

"በረዶውስ?" አለች ታሜካ።

"በረዶም አመጣለሁ።"

"ጌታ ሆይ" አሉ ከኋላ አንዲት አሮጊት፣ "አምቡላንስ ከአሁኑ ይጠራ።"

 ከዚያ መኪና ውስጥ ሆነን የትራፊክ መብራት ላይ ስንቆም አክስቴ፣

"ማን ጠየቀህ?" አሉኝ።

"ማንም።"

ጓንታቸውን አውልቀው እጃቸውን አሳዩኝ። ጣቶቻቸው በቁርጥማት ተጠማዘዋል፤ ሁለቱ ጭራሽ አይታጠፉም። "መፈቅፈቂያ መጨበጥ ካቃተኝ ሁለት ዓመቴ ነው። አምናም ካቻምናም ሰጋቱራ ነው የበላችሁት። ትሪውን ላሳችሁት እኮ!"

"ለምን አልነገሩንም?"

"ነግሬያችሁስ? ወንበር ላይ አስቀምጣችሁ 'እርስዎ በረዶ ያምጡ' እንድትሉኝ?"

ይህቺ ትንሽ ወጋችኝ። ግን እውነታቸውን ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ በረዶ ያመጣ ሰው ምን እንደሚመስል እኔ አውቃለሁ።

ችግሩ አሁን ነው የመጣው። ከረጢቶቹን ታሜካ አይታቸዋለች፤ የእኔ ትሪ ውስጥ ካልገቡ ውሸቴ ይነቃል። አክስቴ ለይምሰል ፍሪጅ ውስጥ የሚያስቀምጧቸው ሁለት ጥፍጥፍ ቺዝ ነበሩ፤ እነርሱን የሚፈቀፍቅ እጅ ግን የለም። ቤት እንደገባን እኔ ልሞክር አልኩ። የአውቶቡስ ብሎን የሚፈታ እጅ ቺዝ ያቅተዋል ብላችሁ ታስባላችሁ? ሦስቴ እንኳ ሳልፈቀፍቅ የጣቴን ቆዳ ላጥኩት።

"ኧረ ተው! ሥጋ ጨምርበት አላልኩህም!"

ደሜን እየታጠብኩ ሳለ የጓሮው በር ተንኳኳ። አሥር ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው። ታሜካ ቆማለች፤ በአንድ እጇ ቺዞቿን፣ በአንድ እጇ የራሷን መፈቅፈቂያ ይዛለች።

"ምን ልትሰልዪ መጣሽ?" አሉ አክስቴ።

"እማማ፣ የዌንደል መኮሮኒ ወሬ ከተማውን አዳርሷል። ስልኬ አላርፍ አለኝ።" ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "ግን ቺዙ የተከፈለው ከእርስዎ ቦርሳ ነው። አይቻለሁ። ለደሬል አልነገርኩትም።"

 እኔ ወደ ቧንቧው ዞርኩ።

"እኔም አንድ ልንገርዎት" አለች። "ለልምምድ ሦስት ጊዜ ሠራሁት። ሦስቱንም ጊዜ እንደ ሲሚንቶ ደረቀብኝ። ደሬል አንድ ጉርሻ ይጎርስና አንድ ብርጭቆ ውኃ ይጠጣል። ነገ ሰው ፊት ላቀርበው ነው። እኔ እጅ አለኝ፤ እርስዎ የሚያውቁትን ግን አላውቅም።"

 አክስቴ ከላይ እስከ ታች አዩዋት፤ ትምህርት ቤት ውስጥ ትሪ የያዘ ልጅ የሚያዩት እንደዚያ ነበር።

"መጀመሪያ እጅሽን ታጠቢ" አሉ።

ከዚያ በኋላ የወጥ ቤቱ ጠብ ይቅርብኝ። "ደቀቀ!" "አልደቀቀም!" "ወተቱን ቀስ! ቀስ ብዬሻለሁ፣ እሳት እያጠፋሽ አይደለም!" "ኦሃዮ ውስጥ ጨው አይሸጥም?" ታሜካም አላነሰችም፤ "እማማ፣ ተቀምጠው ይሳደቡ፣ ቆመው ሲሳደቡ ይደክማሉ" ብላ ወንበር አመጣችላቸው። ተቀመጡ። ሲቀመጡ አይቼ ገረመኝ። እኔ ጥጌን ይዤ የራሴን ትሪ ለብቻዬ ሠራሁ። ማንም አላስተማረኝም፤ ፉክክር ነው ተባልኩ።

ሐሙስ ሃያ ሁለት ሰው ነበርን። ተርኪው መሐል፣ ዙሪያውን ሌላው። መኮሮኒ ግን የቀረበው አንድ ትልቅ ትሪና የእኔ ነው።

"ይኼ የማን ነው?" አለ ደሬል ትልቁን እያየ። "ሁለት ትሪ አልነበረም እንዴ የተባለው?"

"የእኛ ነው" አሉ አክስቴ። "እርሷ ፈቀፈቀች፣ እኔ ተሳደብኩ። ሁለተኛው ትሪ ያውልህ፣ የዌንደል። ፍረድ።"

የደሬል ማንኪያ ከእጁ ወደቀ።

ጸሎቱ እንዳለቀ የእነርሱ ትሪ ጠርዙ ሳይቀር ተፋቀ። የእኔን አጎቴ ሮስኮ ቀመሰው፤ ቆየ፤ ዓይኑን ጨፈነ። "ይህ ልጅ በረዶውን ውስጡ ነው እንዴ የከተተው?" አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ። ናፕኪኖቹ አንድ በአንድ ሲከደኑ አየሁ።

አክስቴ ግን እጃቸውን ዘርግተው ከእኔ ትሪ ሦስት ማንኪያ ሙሉ ሳህናቸው ላይ አደረጉ። ሰው ሁሉ እያያቸው፣ እንደ መድኃኒት እየዋጡ፣ እስከ መጨረሻው በሉት።  ከዚያ አፋቸውን ጠርገው ለሁሉም እንዲሰማ፣ "ለከርሞ መኮሮኒው የታሜካ ነው፤ ወንበሩ ግን የእኔ ነው" አሉ። ማንም "እርስዎ በረዶ ያምጡ" አላላቸውም።

በማግሥቱ፣ ዓርብ፣ ገና አንድ ሰዓት ሳይሞላ ደወሉልኝ። የተርኪውን አጥንት በድስት አድርገው በራፋቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ታሜካ ቤት አድርሰኝ አሉ። በአራት ዓመት አንድ ቀን እዚያ ቤት ገብተው አያውቁም። ድስቱን እኔ ተሸክሜ ተከተልኳቸው። ታሜካ በሌሊት ልብሷ በሩን ከፈተች፤ አክስቴ በጎኗ አልፈው ወጥ ቤት ገቡ፣ ባርኔጣቸውን ማቀዝቀዣው ላይ አስቀመጡ፣ ወንበር ስበው ተቀመጡና "ሾርባው ራሱን አይሠራም፤ በይ፣ ሽንኩርት የት ነው የምታስቀምጪው?" አሏት።