በፊልም ተከልለን ያለቀስንላት እናት

ልጆቹ ስለ እስሩ ንገሪን ሲሉኝ ሰነበቱ። እኔ ደግሞ አንዱን ስጀምር ሌላው እየመጣብኝ መያዣ አጣለታለሁ። ትልቋ የልጅ ልጄ ወረቀት ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና፣ «እማማ፣ ሁሉንም አይደለም፤ አንድ ቀን ብቻ» አለችኝ። አንድ ቀን ከሆነ ይቻላል። ቅዳሜ ነበር።

የወሰዱኝ ከፉሪ፣ ከቤቴ ነው። ልጄን ፈልገው መጡ፤ ሲያጡት «እማማ፣ ለጥያቄ ነው፤ አሁን ይመለሳሉ» አሉኝ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ቢላዋውን የት እንዳስቀመጥኩት ስንት ቀን ሳስብ ከረምኩ።

ያስገቡኝ ላፍቶ አካባቢ አንድ ግቢ ውስጥ ያለ መጋዘን ነው። ድሮ ሲሚንቶ ይቀመጥበት ነበር መሰለኝ፤ ግድግዳውን የተደገፈ ልብሱ ይነጣል። መስኮት የለውም። የቆርቆሮው በር ከላይ በኩል እጅ የምታስገባ ቀዳዳ ነበረችው። አሥራ አራት ሴቶች ነበርን። በአንድ ጎን ነው የምንተኛው፤ መገላበጥ ያማራት ሁሉንም ቀስቅሳ ነው።

ከሁሉም የምቀርባቸው ሁለት ነበሩ። አንዷ ጉልት ላይ ሙዝና አቮካዶ የምትሸጥ የስልጤ ልጅ፣ አንደበቷ የማያርፍ። ሌላዋ ብስራተ ገብርኤል በኩል የምትኖር ወጣት አስተማሪ። ስልኳ ላይ ጻፈች በተባለው ነገር ነው የታሰረችው። ለእናቷ አንድ ናት። ምግብ ሲመጣላት መጀመሪያ ሳህኑን ከፍታ ታሸተዋለች፤ ከዚያ ነው የምትበላው።

የሁሉንም ምግብ ከውጭው በር የምቀበለው እኔ ነበርኩ፤ አሮጊት የት ትሄዳለች ብለው ነው። የአስተማሪዋን የምታመጣው አክስቷ ናት። አንድ ቀን ከሩቅ ሳያት ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ የሀዘን አለባበስ። በሩ ጋ ልትደርስ ስትል ቶሎ ብላ አወለቀችና አስተካክላ ለበሰችው።

«ማን ነው?» አልኳት።

«እናቷ። እማማ፣ በእመቤታችን፣ እንዳይነግሯት። እዚያ ውስጥ ማን ይይዛታል? ስትወጣ በወጉ እንነግራታለን።»

እኛ ዘንድ መርዶ በአንድ ሰው አፍ አይነገርም። ዘመድ ጎረቤት ይሰበሰባል፤ የሚነገረውን ሰው ከኋላ የሚይዝ ይዘጋጃል። እስከዚያ ይደበቃል፤ ዓመትም ቢሆን ይደበቃል። ስለዚህ ዝም አልኩ። አክስቷ በየቀኑ «እናትሽ ሰላም ብላሻለች በሏት» ትለኛለች፤ እኔም ገብቼ እላታለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

አንድ ቀን ልጅቷ ቀመሰችና፣ «ጨው በዝቶበታል። እማ ምን ነካት?» አለች። «እማማ፣ ነገ ጨው ቀንሺ ብላለች በሉልኝ።»

«አርጅታ ነዋ» አለቻት ባለ ጉልቷ። «የኔ እናት ስኳር ነው ብላ ስንቴ ጨው አጠጥታኛለች።»

ሳቁ። እኔ ውሃ ልቅዳ ብዬ ወደ ጀሪካኑ ሄድኩ።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። አርብ ዕለት ልጅቷን ሰኞ ከከተማ ውጭ ወዳለ እስር ቤት እንደሚወስዷት ነገሯት። ይሄ ነገር አላስቀምጥ አለኝ። እዚያ ሄዳ ከማታውቀው ሰው አፍ ትሰማዋለች፤ የሚይዛትም የለም። ልንገራት ደግሞ ለቅሶ ክልክል ነው። ከዚያ በፊት አንዲት ሴት የወንድሟን ሞት ሰምታ ስትጮህ፣ የጠባቂዎቹ አለቃ «ይሄ ሁከት ነው» ብሎ ጨለማ ክፍል ሁለት ቀን ብቻዋን ዘጋባት። ስትመለስ ድምፅ አልነበራትም። ለቅሶውም ሳይወጣላት ቀረ።

የማይከለከል ለቅሶ አንድ ነበር፤ የፊልም። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ የምትጠብቀን ፖሊስ ቴሌቪዥን ኮሪደሩ ላይ አውጥታ ፍላሽ ትሰካና ታያለች። መስተዋቱ የዞረው ወደ እሷ ነው፤ ለእኛ የሚደርሰን ድምፁ ብቻ። እንደ ሬዲዮ እናዳምጠዋለን። እሷም እንባዋ ቅርብ ነው።

«መሣሪያዋን የሚይዝላት ሰው ይፈለግ» ትላለች ባለ ጉልቷ፤ «አፍንጫዋን ልትጠርግ ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ሲከፈት፣ «ዛሬ ምን ልታሰሚን ነው የኔ ልጅ?» አልኳት። የፊልሙን ስም ነገረችኝ። አወቅሁት። ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ አንድ ፊልም ቤት ውስጥ ጽዳት ሠርቻለሁ። ፊልም አይቼ አይደለም፤ እኔ የምገባው ሰው ሲወጣ ነው። ግን ምን ዓይነት እንደነበር ወለሉ ይነግረኛል። የሚያስቅ ከሆነ ፈንዲሻው ተበትኗል፤ የሚያስለቅስ ከሆነ ሶፍት ነው። ያ ፊልም በታየ ሳምንት ሶፍቱን በማዳበሪያ ነው ያወጣሁት። ወንዶቹ ደግሞ ወንበር ስር ነው የሚደብቁት።

ልጅቷ ሽንት ቤት ስትሄድ መርዶውንም ያሰብኩትንም ለሴቶቹ ነገርኳቸው።

«ከኋላ እኔ እይዛታለሁ» አለች ባለ ጉልቷ። «ክንዴ የሙዝ ሳጥን ለምዷል።»

ከምሳ በኋላ ፊልሙ ተጀመረ። እንደ ዋዛ ልጅቷን መሀል አድርገን ተቀመጥን። የፊልሙ ሴት ልጅ ከሩቅ አገር ትመለሳለች፤ የምትደርሰው እናቷ ሞታ ነው። ሳይታይም ይገባል፤ በር ይንኳኳል፣ ሲያወሩ የነበሩት ሰዎች ዝም ይላሉ። ከዚያ «እማዬ፣ መጣሁ እኮ» ብላ ተጣራች። ፖሊሷ አፍንጫዋን ሳበች። ያኔ የልጅቷን እጅ ያዝኩ።

«ልጄ፣ እናትሽ አርፋለች።»

በሩን አየች። ከዚያ እኔን።

«መቼ?»

«ሦስት ሳምንት ሆናት።»

«ወጡን ማን ነው ታዲያ የሚሠራው?»

«አክስትሽ።»

«ጨው በዛ ብዬ ላክሁባት እኮ» አለች። ባለ ጉልቷ ቀድማ ወገቧን ይዛታለች። ከዚያ ድምፅዋ ወጣ።

አሥራ አራታችንም አለቀስን። እሷ ለእናቷ፣ ሌላዋ ለተወችው ሕፃን፣ ያቺ ወንድሟ የሞተባትም ያኔ ነው የወጣላት። ነጠላ ያላት ነጠላዋን፣ የሌላት ፎጣዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። አለቃው ከግቢው ጮኸ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ፊልም ነው ጌታዬ» አለች ፖሊሷ። «ይሄኛው ከበድ ይላል።»

ከዚያ ወደ በሩ መጣች። ዓይኗን በቀዳዳዋ አየሁት። ነጠላችንን አየች፤ መሀል ላይ የተያዘችውን ልጅ አየች። የለቅሶ አቀማመጥ ለማንም አይጠፋውም። በቃ፣ ጨለማ ክፍል ነው አልኩ። ዞራ ወደ ቴሌቪዥኑ ተመለሰች። ድምፁ ከፍ አለ። ያቺ የፊልሟ ልጅ ደግሞ «እማዬ፣ መጣሁ እኮ» ትላለች። ለቅሶው በረድ ሳይል እንደገና ትጣራለች። ምን ያህል ጊዜ እንደሰማሁት አላውቅም። ይሄ ፊልም ለካ ረጅም ኖሯል አልኩ በልቤ።

ሲወጣላት ፊቷን በጀሪካኑ ውሃ አጠብናት። ሴቶቹ በየተራ እየመጡ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አሏት፤ ባለ ጉልቷ «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» አለቻት። ድንኳን አልነበረም እንጂ የቀረ የለም።

እሁድ ምግብ ልቀበል ስወጣ ልጅቷ የታጠበ ሳህኗን ሰጠችኝና፣ «አክስቴን ነጠላሽን በር ላይ አታስተካክይ በሏት። እንዳለሽ ነይ በሏት» አለችኝ። ስነግራት አክስቷ ነጠላዋን ልታወልቅ ያነሳችውን እጅ መልሳ አወረደችው። ሰኞ ልጅቷን ወሰዷት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ቀጥ ብላ ነው መኪናው ላይ የወጣችው።

እኔን ከሁለት ወር በኋላ ለቀቁኝ። ለምን እንደገባሁ ያልነገረኝ ሰው ለምን እንደምወጣም አልነገረኝም። ልጅቷ ዛሬ ታስተምራለች፤ በዓል ሲደርስ ትደውልልኛለች፤ ያንን ቀን አናነሳውም። እንደዚያ ያለ ለቅሶ አብረው ካለቀሱ በኋላ የሚወራ ነገር አይኖርም። ፖሊሷን ሳስባት፣ ሳትናገርብን ቀረች፣ ያም ትልቅ ነገር ነው እያልኩ ነበር።

ዘንድሮ ልጆቹ ያንን ፊልም ስልክ ላይ አግኝተው አሳዩኝ። የፊልሟ ልጅ ትመጣለች፣ በር ታንኳኳለች፣ ትጣራለች፣ ወዲያው ቀብር ይሆናል፣ ወዲያው ሌላ ወሬ። ደግሞ እስክትጣራ ብዬ እስከ መጨረሻው ቁጭ አልኩ። «እማዬ፣ መጣሁ እኮ» የምትለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «ሰው ወደ ኋላ ካልመለሰው በቀር ሁለተኛ አትጣራም» አለችኝ የልጅ ልጄ።