ጠበል የረጨሁበት ጉድጓድ

የልጅ ልጆቼ «የላሚቱን ነገር ንገሪን» ብለው ያዙኝ። ፊደል አልቆጠርሁም፤ እኔ ላውራ፣ ትልቋ ትጻፍ።

እግሬ አንድ ቦታ አይረጋም። አንድ ሰሞን ጎንደር ወንዱ ልጄ ቤት ነኝ፣ አንድ ሰሞን ትክል ድንጋይ ሴቷ ዘንድ። ያን ዓመት ክረምቱ ሲወጣ ትክል ድንጋይ ብደርስ፣ የልጄ ባል ጉድጓድ ቆፍሮ፣ እሸቱ የተለቀመለትን እርጥብ የበቆሎ አገዳ እየከተከተ ይጠቀጥቃል።

«ምነው፣ ምን ልትቀብር ነው?» አልሁት።

«የላሚቱን የበጋ ቀለብ ነው፣ እማማ። ገፈራ ይሉታል።»

ይሁን ብዬ ልገባ ስል፣ ለማሳ የምንበትነውን ነጭ ማዳበሪያ በውሃ በጥብጦ፣ ሞላሰስ ከሚሉት ጥቁር የስኳር ዝቃጭ ጋር አገዳው ላይ ሲያርከፈክፍ አየሁ።

«ላሚቱ ማሳ ናት እንዴ?»

«ይመኑኝ፣ በልኩ ነው። ወተት ይበቅልባታል!» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም። ላሚቱ፣ ልጄን ስድር የሰጠኋት ጊደር ልጅ ናት፤ የቤቱ ጉሮሮ በእሷ ወተት ነው የሚረጥበው። ጉድጓዱን በላስቲክ ሸፍኖ፣ አፈር ጭኖ፣ «እስኪደርስ ማንም እንዳይነካው» አለ። ምን ቢደብቅ ነው የማይነካው? ሸጋ ነገር አልመሰለኝም።

እሱ ማሳ ሲወርድ፣ በየጧቱ የላስቲኩን ጫፍ እየገለጥሁ ከጠርሙሴ ጠበል እረጭበት ጀመር። ሽታው እንደ ጠላ ጥንስስ ነው። «ደግሞ ሊያሰክራት ነው!» እያልሁ አፈሩን እመልሳለሁ።

ቀኑ ደርሶ ሲከፈት ከዳር እስከ ዳር ሻግቷል።

«አላልሁህም? መርዝ ነው!» አልሁት፣ ጎረቤት እየሰማ።

አንገቱን ደፍቶ «ልኩን ስቼ ይሆናል» አለ።

የሻገተ ለከብት አይሰጥ፣ ተደፋ። በጋው ሲጠና ጭዱም አለቀ፤ ላሚቱ ነጠፈች፣ ገበያ ወጣች። እኔም ጎንደር ተመልሼ፣ የልጄ ባል ላም በማዳበሪያ አጠፋ እያልሁ ለዘመዱ ሁሉ ሳወራ ኖርሁ።

ከስንት ዓመት በኋላ ልጄ ለጥምቀት መጣች። ከጥምቀተ ባሕሩ፣ ከቀሐ ስንመለስ ያንኑ ወሬ ባነሳ ቆም አለች።

«አሁንስ ተይ፣ እማዬ። ገፈራ አየር ከገባው ይሻግታል። ያን ቀን ሲከፍተው፣ የጠበል ጠርሙስሽን ላስቲኩ ስር አግኝቶታል። ‹ለላሚቱ ፈርተው ነው፤ እንዳትነግሪያቸው› አለኝ።»

ለካ ጠርሙሱን አጥቦ ራስጌዬ የመለሰውም እሱ ነው። እኔ ራሴ ያስቀመጥሁት መስሎኝ ነበር።