ወፍራሙና ቀጭኑ መጽሐፍ

የሹራቡን ቁልፎች አዛንፎ የቆለፈ አንድ ሽማግሌ፣ አሜሪካ፣ ሚልዋኪ ከተማ በሚገኘው የማርሊስ የጨዋታ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ቆሞ፣ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የተረት ጀግና እየሆኑ የሚጫወቷቸውን የሁለት ጨዋታዎች የደንብ መጻሕፍት በሁለት እጁ ይመዝናል።

«ወፍራሙ መደመር ይበዛዋል፤ ቀጭኑ አንድ ባለቁጥር ዳይስ ወርውሮ ታሪኩን ማውራት ብቻ ነው» አለችው ባለሱቋ ማርሊስ።

«ቡድናችን ሃያ ዓመት የተጫወተው ወፍራሙን ነው። አሁን አንዱ ጓደኛችን መርሳት ጀመረ። በቀጭኑ ቢጫወት መርሳቱ ይነቃበታል?»

«ማን ልብ ይለዋል! ማጭበርበር ካልጀመረ።»

«እሱንማ ድሮም ይችልበታል» ብሎ ሳቀ።

ቀጭኑን ሲያቀብላት መዳፉ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈውን አየች፦ «ቡድናችን፦ ኦርቪል፣ ባለጺሙ። ዳርላ፣ ባለቀይ መነጽሯ።»

ማርሊስ መጽሐፉን በከረጢት ከተተችለት። «ለጓደኛዎ ይንገሩት፣ አባባ። ቢሳሳትም ጨዋታው ይቀጥላል።»

«እነግረዋለሁ» አለና መዳፉን ጨበጠ።