የኔታ «አሞኛል» ያሉ ዕለት

ከነርስ ትምህርት ቤት በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በዘጠናዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ከደብረ ማርቆስ ብዙም በማትርቅ አንዲት የደጋ ከተማ ሆስፒታል ውስጥ እሠራ ነበር። የተመደብኩት ድንገተኛ ክፍል ነው። ድንገተኛ ክፍል ይባል እንጂ ሦስት አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ የደም ግፊት መለኪያና ከደጁ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበር ነው ያለው። የሚመጣውን ሰው መጀመሪያ የሚያየው የበሩ ዘበኛ ነው። ቀጥሎ ካርድ ክፍሉ፣ ከዚያ እኔ። ሐኪሙ ዘንድ የሚደርሰው ሦስታችንን ያለፈ ብቻ ነው። ያኔ ይህ ነገር አንድም ቀን አሳስቦኝ አያውቅም።

ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ ከባሕር ዛፎቹ ማዶ ቤተ ክርስቲያን አለ። በቅጥሩ ውስጥ ቅኔ የሚያስተምሩ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ይኖሩ ነበር። ከተማው ሁሉ የኔታ ነው የሚላቸው። በዚያው ቅጥር፣ ከደጀ ሰላሙ ጥግ፣ አንዲት ሴት ታድር ነበር። ዕድሜዋ ሠላሳ ቢሆን ነው። ዘመዶቿ ከይጁቤ በኩል ለጠበል አምጥተዋት፣ ሳይሻላት ሲቀር ትተዋት እንደሄዱ ይወራል። አእምሮዋ ታሞ ነበር። ቀኑን ሙሉ ታወራለች፤ ስለ በሬዎች፣ ስላልተወቃ ጤፍ፣ ጎርፍ ስለወሰደው አጥር። ድምፅዋ እኛ ድረስ ይሰማል።

ወደ እኛም ትመጣለች። ከቧንቧው ውኃ ትጠጣለች፣ የጣልነውን ካርቶን ትሰበስባለች፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ አግዳሚው ላይ ትቀመጥና «ራሴን አመመኝ» ትላለች። አንድ ሁለት ፍሬ የራስ ምታት ክኒን እንሰጣትና ትሄዳለች። ካርድ ወጥቶላት አያውቅም። ዘበኛው ደስ ሲለው ያስገባታል፣ ሲሰለቸው በዱላው ጫፍ መንገዱን ያሳያታል። እኔ አልከፋባትም ነበር። ደግ ነበርኩ ለማለት ግን አልችልም።

አንድ ቅዳሜ፣ ረፋዱ ላይ፣ ከገበያ ሰው ጭኖ ይመጣ ከነበረ አይሱዙ ላይ የወደቁ ሁለት ሰዎች አምጥተውልን የአንደኛውን ግንባር እየሰፋሁ ነበር። ደጅ ድንገት ጫጫታው ቀነሰ። ቀና ስል የኔታ በበሩ ሲገቡ አየሁ። የመቋሚያቸውን ጫፍ ይዛ የምትመራቸው ያቺ ሴት ነበረች። ዘበኛው ባርኔጣውን አውልቆ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶላቸዋል። አግዳሚው ላይ የነበሩት ሁሉ ተነሱ። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ ራሱ ወጥቶ ስማቸውን ጠየቃቸውና ተራ ሳይጠብቁ ካርድ አወጣላቸው።

ስፌቱን ጨርሼ እጄን ታጥቤ ሄድኩ። ወንበር ሰጠኋቸው። እሷ ከእግራቸው ሥር ሲሚንቶው ላይ ኩርምት ብላ ተቀመጠች።

«ምን ሆኑ የኔታ?»

«አሞኛል ልጄ።»

«ምንዎን ነው?»

ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። ክንዳቸውን ጠቅልዬ ግፊታቸውን ለካሁ። ደህና ነው። የልብ ትርታቸውን ቆጠርኩ። ደህና ነው። ትኩሳትም የላቸውም። ግራ ገብቶኝ ሳለ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና «ዘበኛው ይሰማል?» አሉኝ።

«አይሰማም የኔታ።»

«እኔ ደህና ነኝ። የታመመችው እሷ ናት። ትላንት ሐኪም ቤት እንሂድ ብላት እምቢ አለችኝ። ይመቱኛል ብላ ትፈራለች። ስለዚህ እኔን አሞኛልና ውሰጂኝ አልኳት።»

ልቆጣ ፈልጌ ነበር። ከደጅ ብዙ ሰው ይጠብቃል፤ በውሸት ካርድ ወጥቷል። «የኔታ፣ እርስዎ እንዲህ ያደርጋሉ?» አልኳቸው።

«አላደርግም ነበር» አሉ። «ለእሷ በሩን ብትከፍቱላት አላደርግም ነበር።»

አፈርኩ፤ ግን ያፈርኩትን ያህል አላደረግኩም። ጎንበስ ብዬ አየኋት። ዓይኗን ጨፍና ሆዷን በሁለት እጇ ይዛለች። ነጠላዋ አቧራ ለብሷል፣ ሽታዋም ከባድ ነበር። ትንፋሼን ይዤ «ምንሽን ነው?» አልኳት። አልመለሰችም። ምናልባት የበላችው ነገር ይሆናል አልኩ ለራሴ።

«ትላንት ማታ ‹ትከሻዬን› አለች» አሉ የኔታ። «ከዚያ ወዲህ ቃል አልተነፈሰችም።»

«ዝም ማለቷ ጥሩ ነው፤ ተረጋግታ ይሆናል። እነዚህን የተጎዱትን ልጨርስና አያታለሁ።»

የኔታ ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ። «ሰባት ዓመት ጎረቤቷ ሆኛለሁ። እንቅልፍ ሲወስዳት እንኳ ዝም አትልም። በድምፅዋ ነው ንጋቱን የማውቀው። ዛሬ ምን ሆና ይመስልሻል?»

ይህን ሰምቼ ትቻት ሄድኩ። የሁለተኛው ቁስለኛ ክንድ ተሰብሮ ነበርና እሱን ስናስር፣ ከዚያም ከጉንደ ወይን አካባቢ የመጣ አንድ ነጋዴ ደረቴን ወጋኝ ብሎ ሲጮህ እሱን ስናይ፣ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አይቀርም። ነጋዴው ጨጓራው ነበር። ጮክ ብሎ ስለሚናገርና አጃቢ ስለነበረው ቀደመ። ሕጉ እንዲህ አይልም። ግን እንዲህ ነበር የምንሠራው፣ ማንም ሳያዘን።

ስመለስ የኔታ ከወንበሩ ወርደው ሲሚንቶው ላይ ተቀምጠዋል። ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አድርገው እጇን ይዘዋል። «እጇ ቀዘቀዘ» አሉኝ። ዳሰስኳት። የእጅ አንጓዋ ላይ ትርታው በጭንቅ ነው የሚገኘው፤ ሲገኝም ይሮጣል። የዓይኗን ሥር ገልጬ አየሁ፤ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ግፊቷን ለካሁ። የሰማሁትን አላምን ብዬ ደግሜ ለካሁ። እጅግ ወርዷል።

ዶክተሩን ጠርቼ ተሸክመን አልጋ ላይ አወጣናት። ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ሆስፒታሉ ውስጥ ቀዶ ሕክምና የሚችለው እሱ ብቻ ነበር። ሆዷን ነካ ሲያደርጋት ፊቷ ተጨማደደ። ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

«ትከሻዋን ብላለች?»

«ትላንት።»

«የወር አበባዋስ መቼ ነው የቀረው? የእርግዝና ምርመራ ተደርጎላታል?»

«እሷን?» አልኩ።

ያቺን ቃል ስንት ጊዜ መልሼ እንዳሰብኳት እኔ ነኝ የማውቀው። ሌላ ማንኛዋም የሠላሳ ዓመት ሴት ሆዷን ይዛ ብትመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነበር። ተምሬዋለሁ፤ ተፈትኜበታለሁ። እሷን ግን ሴት ናት ብዬ አላሰብኩም።

ላስቲክ ቱቦ አስገብተን ሽንቷን ወስደን አስመረመርን። እርጉዝ ነበረች። ፅንሱ ከማህፀኗ ውጭ፣ የማህፀን ቱቦዋ ውስጥ አድጎ ቱቦውን ቀዶታል። ደሙ ሆዷ ውስጥ ነው የሚፈሰው፤ ትከሻዋን ያመማትም ለዚሁ ነው።

«ደም ስንት ከረጢት አለ?» አለ ዶክተሩ።

አንድም አልነበረም። ያኔ ደም የሚገኘው ዘመድ ሲሰጥ ነው። እሷ ዘመድ የላትም።

«እንግዲያውስ የራሷን እንመልስላታለን። ማጥለያ የሚሆን ንጹሕ የቁስል ሻሽ ቀቅላችሁ አዘጋጁ። ወረቀቱን የሚፈርም ማነው? አስታማሚዋስ?»

«እኔ ነኝ» አሉ የኔታ ከበሩ አጠገብ።

«ምኗ ነዎት አባቴ?»

«ጎረቤቷ።»

የቀዶ ጥገና ክፍሏ ነርስ ጎረቤት መፈረም እንደማይችል ተናገረች። ዶክተሩ «ይፈርሙ፤ ከሞተች በኋላ ዘመድ ቢመጣ ምን ያደርግላታል?» አለ። የኔታን አውራ ጣታቸውን ይዤ ቀለም አስነካሁ። ወረቀቱ ላይ ከማስቀመጣቸው በፊት እጃቸውን ሰበሰቡ።

«ለእሷስ ነግራችኋታል?»

እርስ በርስ ተያየን። አንዳችንም አልነገርናትም። ሄጄ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አልኩ። «ሆድሽ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነው። ዶክተሩ ከፍቶ ሊያቆመው ነው። እናስተኛሻለን፤ አያምሽም» አልኳት። ዓይኗን ገለጠች። በቀጥታ እኔን አየችኝና «እሺ» አለች። እንደ ማንኛዋም በሽተኛ፣ ለስለስ ባለ ድምፅ።

እኔም አብሬ ገባሁ። ሆዷ ሲከፈት ደሙ ሞልቶ ነበር። በንጹሕ ብርጭቆ እየጨለፍን፣ በሻሹ እያጠለልን፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው መድኃኒት ባለበት ከረጢት እየሞላን መልሰን በደም ሥሯ ሰጠናት። የተቀደደውን ቱቦ ዶክተሩ ቆርጦ አሰረው። እኔ ደሙን ስጨልፍ ከረጢቱን የያዘልኝ ጽዳት ሠራተኛው ነው። ስንወጣ የኔታ ከደጁ ቆመው ዳዊት ይደግሙ ነበር። «ተርፋለች» አልኳቸው። አማተቡና ከግድግዳው ተደግፈው ተቀመጡ። ከማለዳ ጀምሮ እህል አልቀመሱም ነበር።

ካርድ መጻፍ ሲመጣ ችግር ሆነ። በእጃችን ያለው የየኔታ ካርድ ነው። ለእሷ ምን ብለን እንጻፍ? በሰው ሁሉ ዘንድ የምትታወቀው በስድብ ስም ነው። የኔታ የክርስትና ስሟን ነገሩኝ፤ ሌላውንም ስሟን ነገሩኝ፤ የአባቷንም እንዲሁ። ከዓመት በላይ በየሳምንቱ ያየኋትን ሴት ስሟን የሰማሁት ያን ዕለት ነው።

በማግስቱ መናገር ጀመረች፤ ስለ በሬዎቹ። የሴቶች ክፍል አስታማሚዎች ተሰብስበው መጡና «ከልጆቻችን ጋር አታስተኙብን» አሉ። የክፍሉ ነርስ ኃላፊ አልጋዋን ወደ ኮሪደሩ አስወጣች። ያንንም አልተቃወምኩም። ምግብ የሚያመጡላት የኔታ ነበሩ፣ ከተማሪዎቻቸው ድርሻ እየቀነሱ። ሌላዋ የምታጎርሳት፣ ልጇን ልታስታምም ከደብረ ወርቅ የመጣች አንዲት ገበሬ ሴት ነበረች። ለምን ብዬ ብጠይቃት ገርሟት «ርቧታላ» አለችኝ።

ዶክተሩ ለፖሊስ ደብዳቤ ጽፎ ነበር። እንዴት አረገዘች የሚለው ለሁላችንም ግልጽ ነበር፤ ማን የሚለውን ነው የማናውቀው። አንድ ፖሊስ መጥቶ አልጋዋ አጠገብ ቆመና ሁለት ጥያቄ ጠየቃት። እሷ ስለ ጎርፉ ነገረችው። ማስታወሻውን አጠፈ። «ቃል መስጠት አትችልም» ብሎ ሄደ። የኔታን ጠየቅኳቸው።

«በዚያ ግቢ የሚያድረው ብዙ ነው፤ መንገደኛው፣ ለማኙ፣ ጠበልተኛው። አንድ ሌሊት ስትጮህ ሰምቻለሁ። እሷ ግን ሁልጊዜ ትጮሃለች። እንደ ሌላው ቀን መስሎኝ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።»

እኔም ያደረግኩት ያንኑ ነው።

በስድስተኛው ቀን ማንም ሳያሰናብታት ወጥታ ሄደች። ክሯን የነቀልኩት ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ የየኔታ ጎጆ ደጃፍ ላይ ነው። እያወራች ሳትንቀሳቀስ አስነቀለችኝ። ቁስሉ ደህና ድኖ ነበር።

ከዚያ በኋላ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ ተነስቼ ተናገርኩ። ዘበኛው ማንንም እንዳይመልስ፣ ከካርድ በፊት ትርታና ግፊት እንዲለካ፣ አስታማሚ የሌለው ሰው ቶሎ እንዲታይ ጠየቅኩ። የራሴን ጥፋት ግን አልተናገርኩም። ሐሳቡን ተቀበሉት። ጥቂት ወራት ሠራን። ከዚያ የሆስፒታሉ ኃላፊ ተቀየረ፣ ዶክተሩ ለትምህርት ሄደ፣ የበሽተኛው ብዛት አልቻል አለ። እንደ ድሮው ሆነ። እኔ በምገባበት ቀን አግዳሚውን ከጫፍ እስከ ጫፍ እየሄድኩ አየዋለሁ፤ ዝም ያለውን ሰው መጀመሪያ እነካለሁ። በማልገባበት ቀን የሚሆነውን አላውቅም።

በዓመቱ ከይጁቤ ወንድሟ መጣ። ገበሬ ነው፤ ጋቢ ለብሶ በቅሎ እየሳበ። አንድ የአገሩ ሰው በገበያ አይቷት ነግሮት ነው። ጠበሉ ዘንድ ያስቀመጣት የሞተው ታላቅ ወንድማቸው እንደሆነ፣ እሱ ራሱ ግን ሞታለች ሲባል ሰምቶ ተዝካሯን እንዳወጣ ነገረኝ። እያወራ ያለቅስ ነበር። የኔታ ወደ እኔ የላኩት ስለ ሕመሟ እንድነግረው ነው።

«ሆዷ ላይ ትልቅ ጠባሳ አለ አሉኝ። ምን ሆና ነው እህቴ?»

ደብዳቤውን አሰብኩ፤ ፖሊሱን አሰብኩ። አገር ቤት ሲገቡ ምን እንደሚባልባት አሰብኩ። ይህ ሰው እንደ እህት ሊወስዳት መጥቷል። እውነቱን ብነግረው ይተዋት ይሆን? ወይስ ከእኔ በላይ ይጠብቃት ይሆን?

«አንጀቷ ታሞ ነበር፤ ድናለች» አልኩት።

አመሰገነኝ። እጄን ሊስም ጎንበስ ሲል ሳብኩት። በቅሎዋ ላይ አውጥቶ ጋቢውን ደረበላትና በገበያው መንገድ ወረዱ። የኔታ የበሩ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ኮቴው እስኪጠፋ አዳመጡ። ከዚያ «ምን አልሽው?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ደግ አደረግሽም፣ ክፉ አደረግሽም አላሉኝም። መቋሚያቸውን ፈልገው ተነሱና ወደ ተማሪዎቻቸው ሄዱ።